ያልሰጠችው ፈቃድ

ሁለተኛ ዓመቷን የጨረሰችው ተማሪ ያን ቀን ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የሄደችው አንድ ፎርም ለመውሰድ ብቻ ነበር። የምታጠናው ንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስን ከሒሳብ ጋር ነው። ከክፍሏ ሁለት ተማሪዎች ሦስተኛውን ዓመት ውጭ አገር ተምረው እንዲመለሱ ሲመረጡ አንዷ እሷ ሆነች። የቀራት የአሳዳጊ ፊርማ ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው።

እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው ኮሪደር ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መሐል የምታውቀውን ግራጫ ኮት አየች፤ ከደረት ኪሱም ጥቃቅን መመዘኛ የሚነሣበት የናስ መቆንጠጫ ብቅ ብሏል። አጎቷ ሚዛን ሠሪ ናቸው፤ ያ መቆንጠጫ ከሌለ ከቤት አይወጡም።

«አጎቴ! ምን እግር ጣለዎት?»

ሽማግሌው ደነገጡ። የያዙትን ወረቀት ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ጀርባ ጮክ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቀኑን ከጻፉበት ያምጡት እንጂ! ልጅቷ በፈቃዷ ወደ ፋርማሲ ትዛወር የሚለው ደብዳቤ አይደል?» አለቻቸው።

ተማሪዋ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው አንዴ ጸሐፊዋን፣ አንዴ ወለሉን ካዩ በኋላ ወረቀቱን ሰጧት። እንዲህ ይላል፦ «እኔ አሳዳጊዋ፣ የእህቴ ልጅ በፈቃዷ የፊዚክስ ትምህርቷን ትታ ወደ ፋርማሲ ክፍል እንድትዛወር፣ የውጭ አገር ጉዞዋም እንዲሰረዝላት በትሕትና አመለክታለሁ።»

ደሟ ፈላ። «እንዲሰረዝላት? እንደ ውለታ? ደግሞስ በፈቃዷ ያሉት የማንን ፈቃድ ነው? እኔን መቼ ጠየቁኝ?»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሕይወቴን ከጀርባዬ ሲያዛውሩት ያላፈሩ፣ ሰው ሲሰማ ነው የሚያፍሩት?»

ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ከኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰዷት። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደሉም። ጫማዋንም መጽሐፏንም የገዙላት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ያሳደጉትን ሰው እንደ ሠሩት ዕቃ የሚቆጥሩ ደጋግ ሰዎች ሞልተዋል፤ ደግነታቸውም በደላቸውን ይሸፍንላቸዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ሰው ገና ከበሩ በመለሰው!

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ተቀምጠው። «የምታጠኚውን ሰው ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። ሐኪም ትሆናለች? አትሆንም። መሐንዲስ? አይደለችም። ፊዚክሱ ሳያንስ ሒሳብ ተጨመረበት፤ ሒሳቡ ሳያንስ ንድፈ ምናምን የሚባል መጣበት! መሣሪያ እንኳ አትነኩም አሉ። ወረቀትና እርሳስ ብቻ! ፋርማሲ ብትገቢ ግን ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ትቆሚያለሽ፤ ሰውም ያይሻል።»

«ሰው እንዲያየኝ ነው የምማረው?»

«እንድትኖሪ ነው!»

«እንድኖር ብለው መኖሪያዬን ቆልፈውብኝ መጡ እኮ! ፋርማሲ መልካም ሙያ ነው፤ ለሚወደው። እኔ ግን አንድ እኩልታ ሲገባኝ ምን እንደሚሰማኝ ያውቃሉ? ከዚህ ድንጋይ አንሥቶ እስከ ጨረቃ ድረስ ያለው ነገር አንድ ሕግ ሲታዘዝ በገዛ እጄ ጽፌ አየዋለሁ። ሒሳቡ ቋንቋው ነው። ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት አነባለሁ?»

«እሺ ይሁን። ሕጉ እዚህም እዚያም አንድ ነው ካልሽ ባሕር መሻገሩ ምን አመጣው? ለዚያውም ሴት ልጅ ብቻዋን!»

«ወንድ ልጅዎ መኪና ሊነግድ ባሕር ሲሻገር ብቻውን አልነበረም? ያን ጊዜ ማን ደብዳቤ ጻፈበት?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሰልፉ አዞሩ።

«ሕጉማ አንድ ነው» ቀጠለች። «የሚጠየቀው ሰው ነው የሚለያየው። እዚህ ስለ ስበት በጥልቀት የሚያስተምሩን አንድ መምህር ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሦስት ክፍል ይዘው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ የዋሉ ሰዎች አሉ፤ ሄጄ ልከራከራቸው እፈልጋለሁ። እርስዎስ ሙያውን የተማሩት ከመጽሐፍ ነው? አራት ዓመት ሌላ ከተማ ሄደው ከባለሙያ እግር ሥር አይደለም የተቀመጡት?»

«የእኔ ሌላ ነው! እኔ የሄድኩት የሚጨበጥ ነገር ልማር ነው። ብረት፣ ናስ፣ ሳህን። የማምነው የምጨብጠውን ብቻ ነው።»

ይህን ጊዜ ተማሪዋ በቤታቸው ማንም የማያነሣውን ነገር አነሣች።

«ታዲያ የጨበጡት ዲጂታል ሚዛን ምን አደረገዎት?»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። የሠሩትን የመጀመሪያ ዲጂታል ሚዛን በሱቃቸው በመመዘኛ ብረታቸው አስተካክለው፣ ተራራ ላይ ባለች ከተማ ለሚሠራ አንድ ወርቅ ሠሪ ላኩለት። ወርቅ ሠሪው በሁለት ሳህን ሚዛኑ ቢያስተያየው ዲጂታሉ አጉድሎ ተገኘ። መለሰላቸው። በሱቃቸው ሲሞክሩት ልክ ነው፤ እንደገና ላኩት፤ እንደገና ጎደለ። «አጭበርባሪ» ብሎ ለገበያው ሁሉ አወራባቸው። ከዚያ ወዲህ ዲጂታል ሚዛን ከደጃቸው አይገባም።

«እሱን አታንሺብኝ!»

«ምን ያህል እንደጎደለ ለማንም ነግረው ያውቃሉ?»

«ለማንም። ለሚስቴም።»

«ለእኔም አይንገሩኝ። ያቺ ከተማ ከእኛ ምን ያህል ከፍ ትላለች?»

«መግቢያው ላይ ተጽፏል፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር። የእኛዋ ያው ከባሕሩ እኩል ናት። ምነው?»

ደብዳቤውን ገልብጣ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ሽማግሌው «ኧረ ወረቀቴን!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እርሳሷ እንዳይቋረጥባት የፈለጉ ይመስላሉ፤ የባለሙያ እጅ ሲሠራ ማቋረጥ አይወዱም።

«መሬት ወደ መሐሏ ትስበናለች። ከመሐሏ በራቅን ቁጥር መሳቡ ይቀንሳል፤ በጥቂቱ። ዲጂታሉ የሚለካው ይህንኑ መሳብ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ አንድ ኪሎ ብረት ቢያስቀምጡበት በስምንት አስረኛ ግራም ግድም ማጉደል አለበት። ግን ከከተማዋ ሥር ያለው ተራራም በበኩሉ ይስባል፤ ጥቂቱን ይመልሳል። እንግዲህ ጉድለቱ ከግማሽ ግራም ይበልጣል፤ ከስምንት አስረኛ ያንሳል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አራት ነበር የሚለው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ስድስት አስረኛ። የእሱ ሁለት ሳህንስ ለምን አልጎደለም?»

«እሱ የሚያወዳድረው ሁለት ነገር ነው። ወርቁም ብረቱም እኩል ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ አያሳይም። የእሱም ልክ ነው፤ የእርስዎም ልክ ነው። ማንም አልዋሸም፣ አጎቴ።»

ሚዛን ሠሪው መቆንጠጫቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይህን ሕግ ያገኘው ሰው» አለች፣ «ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጨረቃን እያሰበ እንጂ ሚዛን ሠሪ እያሰበ አልነበረም። ምን ይጠቅማል ብለው ቢያስቆሙት ኖሮ ዛሬ እርስዎን ነጻ የሚያወጣ ሐሳብ ባልኖረ። እኔም የማጠናው ነገር ማንን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ የማጠናው ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ቁጣዬ ግን አልበረደም። ዘጠኝ ዓመት ባልዋሹት ውሸት ተቃጠሉ። ዛሬ ግን በገዛ እጅዎ ‹በፈቃዷ› ብለው ጻፉ። ይህንንስ ምን ልበለው?»

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው አልተከራከሩም። ተነሥተው፣ ሰልፉን ይቅርታ እየጠየቁ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ደብዳቤውን ትቼዋለሁ» አሏት ጸሐፊዋን።

«ማመልከቻው ቀድሞ ተመዝግቧል እኮ ጋሼ፤ የቀረው ቀኑ ብቻ ነበር። ለመሰረዝ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምን ልበል?»

«‹በፈቃዷ› የሚለው ቃል ሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልተጠየቀችም በይ። እንደነገርኩሽ ጻፊው፤ እንዳታለዝቢው።»

በኮሪደሩ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን አልደፉም። ከዚያ የጉዞውን ፎርም ጠይቀው፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ሲሰጧት፣ «ይህ ከእኔ የተሰጠሽ ስጦታ አይደለም፤ ያንቺው ነው» አሏት። እሷም ያን ጊዜ ብቻ እጃቸውን ይዛ ሳመች።

በዚያው ዓመት ሄደች። እዚያ በሳምንት አንድ ቀን ተማሪና መምህር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚሟገቱበት ክፍል ነበር። ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ተሳሳተች፤ በሦስተኛው አንድ ታላቅ መምህር ተሳስተው እሷ አረመቻቸው፤ እሳቸውም አመሰገኗት። ተመልሳ የመጨረሻ ዓመቷን ስታጠና ያን ጠረጴዛ በራሷ ክፍል አቋቋመችው፤ ትንፋሽ ያጠራቸው መምህርም ደጋፊ አገኙ። አጎቷም ዲጂታል ሚዛን መሥራት ጀመሩ። አሁን ግን በሱቃቸው አስተካክለው አይልኩም፤ ብረታቸውን ይዘው ሚዛኑ ከሚቆምበት ቦታ ድረስ ይሄዳሉ። አንድ ልጅ ከወደደችው ትምህርት ብትነቀል ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር? ስንቷስ ልጅ ናት፣ ሳትጠየቅ በፈቃዷ ተብሎ የተጻፈባት!

የሚዛን ሠሪው የመጨረሻ ሴት ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ፣ አባቷ ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ ወንበር ሳቡላት።

«ምን መማር ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

ልጅቷ ለመልስ ብዙ ቆየች። እሳቸውም ጠበቁ፤ አንዲት ቃል አላቀበሏትም።