ያላረምኩት ደብዳቤ

ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴ ዓርብ ዓርብ ካርቱም ቤታችን ውስጥ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። አንድ ዓርብ ወባ ሲጥለው እኔ ተተካሁ። እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር የምትሠራው ዘቢባ ለእናቷ ደብዳቤ ጽፋ መጣች፤ ሌላ ሰው ሳይጽፍላት በራሷ እጅ የምትልከው የመጀመሪያው ነው። ስህተቱ ብዙ ነበር። ግን በበረኪና የተላላጠ እጇን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። «ጎበዝ! በጣም ጎበዝ!» ብዬ አንድም ሳላርም መለስኩላት።

ፊቷ ጠቆረ። «እትዬ፣ ማዳሜም ‹ታማም፣ ታማም› እያለች ታሞግሰኛለች፤ ከዚያ ሌላ ምንጣፍ ታሳጥበኛለች። ጋሼ ግን ይቆጡኛል፤ ትችላለች ብለው ነው። እርስዎ አዘኑልኝ መሰለኝ።»

አፈርኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሰምቶን ኖሮ «ያላ፣ ወዲህ አምጪው!» ብሎ ተጣራ። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ፣ እየተንቀጠቀጠ አረመው። «ስምሽን እንኳ አልጻፍሽም! እናትሽ ከማን መጣ ትበል?» ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎ አንድ መስመር ላይ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዝናብ ሲመጣ አሁን ስጡን ማን ያስገባልሻል?»

«ይቺን እኔም እንዲህ አሳምሬ አልጽፋትም» አላት። «እንዳትነኪያት።»

ሦስት ጊዜ ገልብጣ ስትጨርስ «አሁን ላኪው» አላት። ዘቢባ እልል አለች። እኔም በትዳር ዘመናችን «ወጡ ጨው አንሶታል» ባለኝ ቁጥር የተቀየምኩትን ሁሉ እዚያው ይቅር አልኩት። ተመስገን፣ በሕይወት እያለ ነው ይቅር ያልኩት።