ከሊሾው ሥር ያለው ቱቦ

ነይ ግቢ የኔ እህት፣ በሩ ክፍት ነው። ቀሚሱን ልበሺውና በርጩማው ላይ ውጪ፤ ጫፉን በመርፌ ልያዘው። ደህና ከረማችሁ? ልጆቹስ? የኛማ ቤት ደህና ነው፣ ተመስገን፣ ትንሽ ይነፍሳል እንጂ… መስኮቱን? ተይው፣ እሱ አይዘጋም። ለጓሮዋ ክፍል መብራት የሚወስደው ኤክስቴንሽን በሱ ነው የሚያልፈው። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው… የኛው እንቁላል ጫማ ሊያስለካ ሄዶ ነው። ቀጥ በይ።

አየሻት ክፍሏን? እንዴት ታምራለች። አናጺ ሳይጠራ፣ ግንበኛ ሳይጠራ፣ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻውን ሠራት። ከነሚስቱ ሊገባባት። እስከዚያ ከኛው ጋር ናቸው፣ ሳሎን… ቤቱ ሞቆልናል። ስሙን አልጠራም። እኔ ስም ጠርቼ ሰው አምቼ አላውቅም… በተለይ የባሌን ወንድም።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? እሱ እዚያው ጓሮ መደርደሪያ እየሰቀለ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ምስጋናውን ይስማ እንጂ። ሰው በቁሙ ካልተመሰገነ መቼ ሊመሰገን ነው?

ግቢውንስ አይተሽዋል? ከቆጣሪው እስከ ክፍሏ ደጃፍ ድረስ ሊሾ። መስታወት በይው። ከሥሩ ለመብራቱ ቱቦ ቀብሮበታል፤ ሦስት ቦታ አጠፍ አጠፍ አድርጎ፣ በልኩ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች… ሽቦው። ሲሚንቶው ሳይፈስ ቱቦው ውስጥ መግባት ነበረበት አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። እኛ መጀመሪያ ክሩን መርፌው ውስጥ አስገብተን ነው የምንሰፋው፤ የአዋቂ አሠራር ሌላ ይሆናላ።

ሚስቱማ ያን ቀን፣ ሲሚንቶው ሲቦካ፣ «ሽቦውስ?» ብላው ነበር። እንዴት ያለ ትዕግሥት እንዳለው… አልተቆጣትም እኮ። «አንቺ ግቢና ዕረፍት አድርጊ» ነው ያላት፣ በፍቅር።

ባለፈው ሳምንት ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ከዚህ ገፋ፣ ከዚያ ሳበ፣ ላብ በላብ ሆነ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሽቦው እምቢ አለ። «ሊሾውን ሁለት ቦታ ስበሩልኝና ቅዳሜ አስገብቼ እጨርሳለሁ፤ ካልሆነ ሌላ ከተማ ሥራ ይዣለሁ፣ የምመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው» ብሎን ሄደ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው መዶሻ ሊያነሳ ነው? ሊሾው ያሳሳዋል። ጠዋት ጠዋት እኮ ይጠርገዋል፣ አልጋውን ሳያነጥፍ።

እሷ ደግሞ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አራስ በኤክስቴንሽን ስትታረስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ካውያ ስሰካ እዚያ አምፖሉ ይደክማል፤ እዚያ ድሪል ሲነሳ እዚህ የስፌት መኪናዬ ቀጥ ይላል። ግን ይሁን… ሊሾው አይሰበር እንጂ ሕፃኑማ ዘጠኝ ወር በጨለማ የለመደ ነው፣ ምን ይሆናል?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። በሲሚንቶ የታጠቀ ሰውስ በምን ይፈታል? ዙሪ እስቲ… ድሪሉ ዝም አለ አይደል? ደክሞት ይሆናል። ሲሠራ የዋለ ሰው ነው።

በቃ፣ አለቀልሽ፣ ውረጂ። ነገ ማታ ብቅ ብለሽ ውሰጂው፤ መብራት ካለ።

መቼም የደከመ ሰው የድካሙን ፍሬ ይይ። እሷም በሰላም ትገላገል። ልጁም አባቱን ይምሰል፤ ዓይኑን፣ ቁመቱን፣ ያን ፈገግታውን፣ ሁሉንም ከአባቱ ይውሰድ… ጭንቅላቱን ብቻ እግዜር ከእናቱ ያድርግለት።