አሮጌና አዲስ ገመድ

(ደብረ ማርቆስ፤ የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ልሳነወርቅ መሰላል ላይ ቆመው ከበረንዳው ክዳን ጠርዝ አዲስ የገና መብራት ይሰቅላሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ከታች መሰላሉን ይዘዋል።)

የሻረግ፦ መሰላሉን እይዛለሁ፤ ደብዳቤውን ለይመኑ እንደሚጽፉለት ግን ከዚያው ሆነው ይንገሩኝ።

ልሳነወርቅ፦ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ክፍል ያቃጠለን ዘበኛ «ጥንቁቅ ነው» ብዬ በፊርማዬ አልመሰክርም። ቀጣዩን ገመድ አቀብዪኝ።

የሻረግ፦ የትኛውን?

ልሳነወርቅ፦ «፫» የተጻፈበትን። ሁሉም በተራ ቁጥሩ ተቀምጧል። ደግሞ መሬት ለመሬት አትጎትቺው፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ድረስ ወርጄ የመረጥኩት ነው።

የሻረግ፦ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲተርኩ ሰምቻለሁ። ሻጩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት አሉ።

ልሳነወርቅ፦ እያንዳንዱን ሰክቶ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የሚለውን በዓይኔ ካላነበብኩ አልወስድም አልኩት። «አባት፣ ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ ቀለሙን ነው፤ እርስዎ ፈተና ላይ አስቀመጡኝ» አለኝ። ከእንግዲህ በመቶ ዐሥር ቮልት የሚሠራ፣ ኃይሉን እንዲካፈል ሁለት ሁለት እየተጠመደ የሚሰቀል መብራት በዚህ ቤት የለም። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይበራል።

የሻረግ፦ ወንድምዎ ከውጭ የላኩልንን ማለትዎ ነው። ዐሥራ አራት ገና አብርተውልናል እኮ።

ልሳነወርቅ፦ አበሩ፤ ዘመናቸው አለፈ።

የሻረግ፦ ያለፈው ዐምና ነው?

ልሳነወርቅ፦ የሻረግ፣ ነገሩን ወዴት እየወሰድሽው ነው?

የሻረግ፦ ወደ በሩ። ይመኑ ከጠዋት ጀምሮ ከውጭ ቆሟል። ሊቀጥሩት ያሰቡት የእህል መጋዘን ባለቤት በእሳት ምክንያት ከዚህ እንደ ተባረረ ሰምተዋል። መምህሩ በጽሑፍ ካላስረዱልህ ከበዓሉ በኋላ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብለውታል። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀን ሰው አንድ ወረቀት ቢጽፉለት ምን አለበት?

ልሳነወርቅ፦ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቆ በዐሥራ ሁለተኛው ምድጃውን እንደ ሰካ ተኛ። የዘበኛ ክፍሉ ነደደ፤ ቤቱም ለጥቂት ነው የተረፈ። እኔ ግን አልከሰስኩትም። ፖሊስ ሲመጣ እንኳ «ተዉት፣ ድኻ ነው» ብዬ አሰናብቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ደግነት ትፈልጊያለሽ?

የሻረግ፦ ምድጃው ከክፍሉ አልነበረም።

ልሳነወርቅ፦ ምን አልሽ?

የሻረግ፦ የእኔ ተበላሽቶብኝ የእሱን ተውሼ ነበር። ዶሮውን የሠራሁት በዚያ ነው። ዐምና በበዓሉ ማታ እሳቱ ሲነሣ ምድጃው ማድ ቤት ነበር፤ ድስቱም ገና ከላዩ አልወረደም።

ልሳነወርቅ፦ ይህን ይዘሽ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሽ?

የሻረግ፦ አልኩ። የቀድሞ ተማሪዎችዎ ለበዓሉ መጥተው ከበውዎት ነበር። ኢንጂነር የሆነው ልጅ «እሳቱ ከምን ተነሣ፣ መምህር?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እርስዎ ዓይንዎን ሳያሹ «የዘበኛው ምድጃ ነው» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍርዎት? ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሰውየው ከእሳት የተረፈች ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። የምወቅሰው እርስዎን ብቻ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ ምድጃ ካልሆነ ሲጋራ ይሆናል።

የሻረግ፦ ይመኑ ነው ሲጋራ የሚያጨስ?

ልሳነወርቅ፦ ጧፍ ይሆናል፤ ሻማ ይሆናል። እኔ የእሳት አደጋ መርማሪ አይደለሁም።

የሻረግ፦ የፊዚክስ መምህር ነዎት። በክፍሉ ክዳን ጠርዝ ያለፈው የመብራት ጥንድ ምን ዓይነት ነበር?

ልሳነወርቅ፦ እንደ ሌሎቹ ነበር።

የሻረግ፦ አልነበረም። አንደኛው ተቃጥሎብዎት ነበር። እሱን አውጥተው፣ ወንድምዎ ኋላ የላኩትን፣ ትንንሽ አምፖል ያለውን አዲሱን ገመድ ከአሮጌው ጋር ቀጠሉት። ያን ዕለትም መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ረሱት?

ልሳነወርቅ፦ ሳይፈተን አልተሰቀለም። በርቷል።

የሻረግ፦ አንድ ሰዓት በርቷል። በዚሁ በረንዳ ልጆቹን ሲያስጠኑ ስንት ዓመት የሰማሁትን ልንገርዎት? «በተከታታይ የተያያዙ አምፖሎች እኩል ካልሆኑ አንደኛው ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል።» እኔ ስምንተኛ ክፍል አልጨረስኩም፤ ይህን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ግምት ነው። ገመዱ ዐመድ ሆኗል፤ ዐመድ ደግሞ አይመሰክርም።

የሻረግ፦ መጋጠሚያው ዐመድ አልሆነም።

ልሳነወርቅ፦ አይተሽዋል?

የሻረግ፦ ዛሬ ጠዋት። የቁስል ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። በአንዱ ወገን «አሮጌ»፣ በሌላው ወገን «አዲስ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ የተባለው ቀልጧል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። እንደዚያ አሳምሮ የሚጽፍ በዚህ ግቢ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?

ልሳነወርቅ፦ አምጪው፤ በዓይኔ ልየው።

የሻረግ፦ ከእኔ ዘንድ የለም።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ከማን ዘንድ ነው?

የሻረግ፦ ከይመኑ። እሳቱ እንደ ጠፋ፣ ሰው ሳያይ ከፍርስራሹ ያወጣው እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ልሳነወርቅ፦ ገባኝ። በበዓል ዋዜማ ሊያስፈራራኝ መጣ።

የሻረግ፦ እኔም እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። «ይህን ለምን ይዘኸው መጣህ?» አልኩት።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለ?

የሻረግ፦ «የመምህር ዕቃ ነው፤ ዕቃቸው ሲጎድል አይወዱም። ምናልባት ለገና ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ነው» አለ።

ልሳነወርቅ፦ እየሣቀ ነው?

የሻረግ፦ አልሣቀም። የደብዳቤውን ነገር እንኳ ጎትጉቼ ነው ያወጣሁት።

ልሳነወርቅ፦ ያኔ አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? መጋጠሚያውን ቢያሳየኝ፣ እኔ እኮ...

የሻረግ፦ እርስዎ እስኪናገሩ ጠብቆ ይሆናላ።

ልሳነወርቅ፦ ነገ ሁሉም ይመጣሉ፤ ኢንጂነሩም ጭምር። በመብራት ያሸበረቀ ቤቴን ሲያዩ «ይሄ ነው የመምህራችን ፊዚክስ» ይላሉ። እንግዲህ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? «እሳቱ ባልታወቀ የኤሌክትሪክ ብልሽት የተነሣ ስለ ሆነ...»

የሻረግ፦ ባልታወቀ?

ልሳነወርቅ፦ ቆዪ፣ ፋታ ስጪኝ።

የሻረግ፦ ዓመት ሰጥቼዎታለሁ፣ መምህር። ለራሴም እንዲሁ።

ልሳነወርቅ፦ ግባ አላልሽውም?

የሻረግ፦ ብዬው ነበር። «ውጣ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አልረገጠም።

ልሳነወርቅ፦ በእጅሽ ያለውን ገመድ ወደ ካርቶኑ መልሺው።

የሻረግ፦ ሦስተኛው ነው እኮ፤ ግማሹ ቤት ሳይበራ ሊቀር ነው። ደብዳቤውስ?

ልሳነወርቅ፦ ደብዳቤውን እጽፋለሁ፤ «ባልታወቀ» የሚል አይኖርበትም። መሰላሉን አጥብቀሽ ያዢልኝ፤ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።