የሰኔ ፀሐይና የታኅሣሥ ፀሐይ

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የይዞታ ደብተር ለማደል መሬት ሁሉ በሚለካበት ሰሞን፣ ከቡሬ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ መኪና ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ አረፉ። አያ ካሴ ይባላሉ። ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ምን እንዳገኛቸው ብጠይቅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ሊምሉ መሆናቸውን ነገሩኝ።

የሚካሰሱት ከገዛ እህታቸው ከወይዘሮ ሸጋዬ ጋር ነው። አባታቸው ግጦሹን ሲያካፍሉ አንድ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ከዚህ ቀጥ ብሎ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ሰሜኑ የካሴ ደቡቡ የሸጋዬ ብለው ነበር። ከብቱ አብሮ ይግጥ ስለነበር ለዓመታት ድንበሩን የጠየቀ አልነበረም። ደብተሩ ሲመጣ ግን አያ ካሴ ሽማግሎችን በማለዳ ድንጋዩ ላይ አቁመው የምትወጣዋን ፀሐይ አሳዩ። ሸጋዬ ደግሞ አባቴ ያሳየኝ እሱን አይደለም ብላ ወደ ሰሜን በጣም ያዘነበለ መስመር ያዘች። በመካከሉ ግማሽ ጥማድ መሬት ቀረ። ወንድምና እህት ሰላምታ ካቋረጡ ወር አልፏቸዋል።

ይህን ስንጫወት ያይኔአበባ ኮምፓሷን ይዛ ደረሰች። ፍኖተ ሰላም ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ አሁን መሬት ትለካለች። አያ ካሴ መሣሪያውን በጥርጣሬ አዩት።

«ይች ቆርቆሮ ኸግዜር ፀሐይ ልትበልጥ ነው ልጄ?»

«አትበልጥም አያ ካሴ። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። የቤትዎ በር ወዴት ነው የሚያይ?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ።»

«ሰሞኑን ጠዋት በበሩ የሚገባው ጮራ የት ያርፋል?»

«ኸመደቡ ላይ።»

«በሰኔስ?»

«በሰኔማ መደቡን አያገኘውም። ማዶ ኸጋኑ ላይ...» አሉና ዞረው ወደ ፀሐይ መውጫዋ አዩ።

ልጅቱ አልቸኮለችም። አባታቸው መቼ እንዳካፈሉ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያዩ፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ፀሐይ ብቅ ስትል መሆኑን ተናገሩ። ያን ጊዜ ፀሐይ መውጫዋን ከወር ወር እንደምትቀይር፣ ልክ በምሥራቅ የምትወጣውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ አስረዳቻቸው።

«ይች ኮምፓስ የምትነሣው ከሰሜን ነው» አለች። «ሰሜንን ዜሮ ብለን በምሥራቅ በኩል እንቆጥራለን፤ ዙሮ ሰሜን ሲገጥም ሦስት መቶ ስልሳ ይሞላል። የሰኔ ሚካኤል ፀሐይ እዚህ አገር ስልሳ ስድስት ላይ ትወጣለች፤ የሰሞኑዋ መቶ ዐሥራ አራት ላይ። ቁጥሩ ግን ክረምት መጣ፣ በጋ ገባ ብሎ አይንቀሳቀስም።»

እኔ ይህን ትምህርት ዐሥራ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ የማንንም ቤት በር አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር አፈርሁ።

አያ ካሴ፣ «እውነት ነው ብዬ በሐሰት ልምል ነበር» አሉ። ግማሽ ጥማዱ ከእጃቸው እየወጣ እንደሆነ ያውቃሉ። ቢሆንም ተነሥተው መንገዱን መሩ፤ እኔም መኪና መጠበቄን ትቼ ተከተልኋቸው።

ሸጋዬ ተጠርታ ስትመጣ ፊቷን አዙራ ቆመች። ያይኔአበባ ድንጋዩ ላይ ሆና ስልሳ ስድስትን አነጣጠረች፤ በማዶ ችካሉን ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲባሉ የሚታዘዙት ራሳቸው አያ ካሴ ነበሩ። ችካሉ የቆመው ሸጋዬ ባለችው ቦታ ነው።

«እኔ የታኅሣሥን ፀሐይ ነው ያየሁት» አሏት፤ «አንች የሰኔን። አባታችን ያሳየን የሰኔዋን ነው።»

ሸጋዬ አለቀሰች። ወንድሟ ዋሽቶኛል ብላ ወር ሙሉ ስትንገበገብ ከርማ ነበር፤ አለመዋሸቱን ማወቋ ከመሬቱ በለጠባት። ደብተሩ ላይ ከድንጋዩ ስልሳ ስድስት ዲግሪ ተብሎ ተጻፈ፤ ከእንግዲህ የልጅ ልጆቻቸው በየትኛውም ወር ቢለኩት ያንኑ ድንበር ያገኛሉ።

እሑድ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ አሉ። ደጃፉ ላይ ግን የሚምል ሰው አልቆመም።