ጾሙ ሳይገባ

ካሊፎርኒያ፣ በፌርፋክስ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ከካንሰሩ ሕክምና፣ ከኪሞው በኋላ ማስመለሱን ያቆመልዎት እኮ ጠብታው ነው። ለምን ተዉት?»

«ማሪዋና ነዋ።»

«ሐኪም ያዘዘልዎት አይደል? አሁን ደግሞ ለሁሉም ሰው ተፈቅዷል።»

«የፈቀደው ካሊፎርኒያ ነው። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው የሚያደርጉኝ ፌደራሎቹ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ አሁንም ክልክል ነው። ሎየሩ አቁም ብሎኛል።»

«እየወሰዱ፣ አልወሰድኩም ይበሏቸዋ።»

«ቀኝ እጄን አንስቼ ከማልኩ በኋላ?»

«ሶ፣ አሁን የበሉት ይረጋልዎታል?»

«ሁሉንም ያስመልሰኛል። ልጆቼ ብላ ሲሉኝ ጾም ላይ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ጾሙ እኮ ገና አልገባም፣ ጋሼ።»

«እዚህ ተወልደው የት ያውቁታል ብለሽ ነው።»

ሽታው እንዳይደርሳቸው ጭኔ ላይ የነበረውን የወጥ ፌስታል አፉን አጥብቄ ቋጠርኩት።