በግምት የተረጨ ወይን

ባለወይኑ አዛውንት መርጫቸውን አዝለው ከአጥሩ ሲወጡ ከእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ልጅቱ የእርሻ ባለሙያ ናት፤ ለሥራ በዚያ ስታልፍ ነው። ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ፤ ሸሚዛቸው በመድኃኒት ርሶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ስታያቸው ደነገጠች።

ምን እንደረጩ ስትጠይቃቸው በኩራት ነገሯት። ቅጠሉን የወረረውን ነጭ ዱቄት ለመጨረስ የተባይ መድኃኒት በየሦስት ቀኑ ይረጫሉ፤ መጠኑም በግምት ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው እጥፍ።

«አጎቴ፣ ይሄ ተባይ አይደለም፣ የሻጋታ በሽታ ነው» አለች ቅጠሉን ገልብጣ። «ዓመት ሙሉ ቢረጩት አይነካውም። የሚፈጀው ንቦቹንና ተባይ የሚበሉልዎትን ነፍሳት ነው።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ወይን ተክያለሁ። መድኃኒት ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

እሷም አየር እንዲገባ ቅርንጫፉን ማሳሳት፣ የታመመውን ቅጠል ማስወገድ፣ መጀመሪያ ችግሩን መለየት፣ ከተረጨ በኋላም ፍሬው ሳይለቀም የሚጠበቀውን ቀን ማክበር እንደሚገባ በትሕትና አስረዳች። አዛውንቱ ሳቁባት። እሳቸው ብቻም አይደሉም፤ ስንቶቻችን ጽሑፉን ሳናነብ ክዳኑን እንከፍታለን!

«ለመሆኑ ፍሬው መብሰሉን የሚያየው ማነው?»

«አክስትሽ ናታ። በየማለዳው እየዞረች ትቀምሳለች። አሁን እንኳ እያስመለሳት ከተኛች...»

መርጫውን ከጀርባቸው አውርደው ጣሉ። ክው አሉ። ሆዷን ነው ብለው ሲያስታምሟት ሰንብተዋል፤ ላቧንም፣ የዓይኗን መደብዘዝም አይተዋል። ለካስ በገዛ እጃቸው መርዘዋት ኖሯል።

ልጅቱ አክስቷን ከነመድኃኒቱ ጠርሙስ ክሊኒክ አደረሰቻት። ሐኪሙ ጽሑፉን አንብቦ ማርከሻውን ወዲያው ሰጣትና ትተርፋለች አለ። አዛውንቱ አልጋው ሥር ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ከእንግዲህ አንቺ እንዳልሽ ነው፣ ልጄ» አሉ። «የዕድሜዬን ያህል አላወቅሁም።»

ሚስታቸው ዓይኗን ስትገልጥ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ትናንት ለጎረቤት የላክነው ወይንስ?»

አዛውንቱ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። በየደጁ እያንኳኩ የወይኑን ቅርጫት መልሰው ሲቀበሉ ጥፋታቸውን አልሸሸጉም፦ በሽታውን ለይቶ፣ ለክቶ፣ ቀኑን ጠብቆ የሚረጭ ሰው ወጪው ይቀንስለታል፣ ንቡም አያልቅበትም፣ ፍሬውን ሰው ያለ ስጋት ይበላለታል አሉ። «እኔ ግን ቤተሰቤን መረዝኩ» አሉ።

በመጨረሻው ቤት ቅርጫቱ ባዶ ነበር፤ የቤቱ ልጆች ወይኑን በልተው ጨርሰውታል። ልጆቹን ራሳቸው ይዘው ወደ ክሊኒኩ ተመለሱ፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ መርምሮ ደህና ናቸው እስኪል ድረስም አልተቀመጡም።