የመንገዱ ስሜት

ልብስ ሰፊዋ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ታላቅ ወንድሟ ተነሥቶ ሊስማት ፈለገና ሐሳቡን ቀየረ። ለመነሣት ቀኝ እጁን ወንበሩ ላይ መደገፍ ነበረበት፤ ቀኝ እጁ ደግሞ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልታዘዝ ብሎታል። ይህን የሚያውቅ ማንም የለም፣ ወይም እሱ እንደዚያ መስሎታል።

ጉዳዩ የአባታቸው አሮጌ መኪና ናት። አባታቸው "እየተፈራረቃችሁ ንዷት" ብለው ለሁለቱም ነው የተዉላቸው። ወንድም ግን ተራው በደረሰ ቁጥር እጁ አያርፍም፤ ትልቅ ሞተር አስገጠመላት፣ ሰፋፊ ጎማ አስገባላት። መኪናዋ አማረባት፣ መሪዋ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። መካኒኩ የድሮውን በጉልበት የሚዞረውን መሪ ለሙከራ እንዳለ ትቶለታል። መሪውን የሚያቀልለው ፓወር ስቲሪንግ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ የሚጠበቀው "ይግባ" ወይም "ይቅር" የሚል አንድ ቃል ነው።

ወንድም "ይቅር" ሊል ነው የመጣው። "የመንገዱ ስሜት እጅ ላይ ካልተሰማ ምኑን መንዳት ሆነ" ይላል ለጠየቀው ሁሉ። የልቡ ግን ሌላ ነው። እህቱ ጨርቅ ስትቆርጥና ካውያ ስትገፋ የኖረች ሴት ናት፤ ትከሻዋ ከባድ መሪ አይችልም። መሪው ከከበደ መፈራረቅ የሚባል ነገር በራሱ ጊዜ ይቀራል። ማንም ክፉ ሳይናገር፣ ማንም ሳይጣላ መኪናዋ የእሱ ትሆናለች።

እህት ወንድሟን ጉንጩን ሳመችው፣ ወንበር ሳበችና ፊቷን ወደ መካኒኩ አዙራ ተቀመጠች።

"እንዴት ነህ ወንድምዓለም? ጋራዡን ቀለም አስቀባኸው እንዴ? በጣም አምሯል። እኔማ ትናንት በጠዋት ነው ሱቅ የገባሁት፤ የሚዜዎች ቀሚስ አድርሺ ብለው ወጥረው ይዘውኝ። በጠዋት መግባት እንዴት ደስ ይላል መሰለህ… መንገዱ ጭር ያለ ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ በመስኮት ደግሞ የማይታይ ነገር የለም…"

"በመስኮት" ስትል የወንድም ልብ ድንግጥ አለ። ትናንት መኪናዋን ሊሞክር በእህቱ ሱቅ በኩል ያለፈው እኮ በዚያ ሰዓት ሱቋ ዝግ ነው ብሎ ነበር።

"የመሪ ነገር መቼም አይገባኝም፤ እኔ የማውቀው መርፌና ክር ነው። ግን አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ… አንተ አታውቃቸውም። መንዳት ከተባለ እሳቸው ናቸው። የመንገዱ ስሜት እጄ ላይ ካልተሰማኝ ይላሉ። ትናንት ጠዋት እኔ ሱቅ ፊት ለፊት ተሰማቸው መሰለኝ… እጃቸው ላይ ብቻ ነው እንዴ? ፊታቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ ጆሮአቸው ድረስ ቀልቶ…"

መካኒኩ ያልወደቀ መፍቻ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር አጎነበሰ።

"መኪናቸውን እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ሊያዞሩ ገቡ። ገቡና… አረፉ። መንገዱን እንዳለ ዘግተው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቸኩል ነበር፤ እሳቸው ግን ትዕግሥታቸው! ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ… ሰፈሩን በሙሉ ሰላም ሊሉ የመጡ ነው የሚመስለው። በዚህ በኩል የዳቦ መኪና፣ በዚያ በኩል የቆሻሻ መኪና፣ ሁሉም ቆሞ እሳቸውን ይጠብቃል። ክብር ሌላ ምንድን ነው? ለአንተና ለእኔ እስቲ ማን ይቆማል? ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። ደንበኛውም ተከትሎት… ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው… ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መሀል መንገድ ቆሞ 'ወደ ግራ አባቴ፣ ኧረ ወደ ግራ' ይላቸዋል…"

ሳቋ አመለጣት። እንባዋን በመሐረቧ እየጠረገች እንደገና ሳቀች። ከጠረጴዛው ሥር የመካኒኩ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ወንድም ምን ይበል? "እኔን ነው?" ካለ እሱ መሆኑን አመነ፤ ዝም ካለ ደግሞ ልትቀጥል ነው። ከሁሉ የከፋው ያ አረፋ የተቀባ ሰውዬ ትዝ ሲለው እሱንም ሳቅ መተናነቁ ነበር። ከንፈሩን ነከሰና ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"በመጨረሻ ቆሻሻ የሚያነሣው ሰውዬ ወርዶ እጆቹን በመስኮት አስገባ። አራት እጅ፣ አንድ መሪ… እንዴት ያለ መተሳሰብ ነው! እኔኮ እኚህ ሰው መሪያቸውን ለሌላ ሰው ማስነካት አይወዱም ብዬ ነበር። ለካ ሲከብዳቸው ይወዳሉ።"

መካኒኩ ነገር ለማብረድ ይመስላል፣ ተነሥቶ ሻይ ቀዳ። ወንድም ብርጭቆውን በግራ እጁ ተቀበለና ግማሹን ጭኑ ላይ ደፋው።

"ግራ እጅም ከለመደ ጎበዝ ነው፣ አይደል? እኚያ ሰውዬም ከትናንት ወዲህ በግራ ሆነዋል አሉ። ጸጉራቸውን በግራ፣ ሻያቸውን በግራ… የሸሚዛቸውን ቁልፍ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርገው ነው የሚቆልፉት። አዲስ ፋሽን ይሆናል… እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?"

ወንድም ጎንበስ ብሎ ደረቱን አየ። ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ተንጋዶ ነው የተቆለፈው።

"ደግነታቸውንስ ብነግርህ… ትከሻዋን የሚያማት እህት አለቻቸው። 'አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ፣ እኔ እነዳልሻለሁ' ይሏታል። ለራሳቸው ብለው እንዳይመስልህ፣ አዝነውላት ነው። አባቷ ገና እግሯ ፔዳል ሳይነካ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያን መሪ አስይዘዋት ነበር… እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው… ግን ያ የልጅነት ነገር ነው፣ አሁን ምን ይሠራላታል? የኋላ ወንበር ምን ጎደለው? መስኮት አለው።"

ይህን ስትል አልሳቀችም። ድምፅዋ ቀጠነ። ወንድም ያን ጊዜ ነው ከልቡ ያፈረው። ከመኪናዋ ውጭ ቆሞ "የእኔስ ተራ መቼ ነው?" እያለ ሲነጫነጭ፣ እሷ በአባታቸው ጭን ላይ ሆና በመስኮት ምላሷን ስታወጣበት አስታወሰ። ለካ ተራውን የሚጠብቀው እስከዛሬ ነው።

ተነሣ። ግራ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ገለጠና ፓወር ስቲሪንጉን በጠረጴዛው ላይ ወደ መካኒኩ ገፋው። መካኒኩ መፍቻውን አንሥቶ ወደ መኪናዋ ሄደ።

እህት አየች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ፊቷ ግን በራ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና፣ ወደ በሩ ስታልፍ የወንድሟን ሸሚዝ ከላይ ጀምራ እየፈታች አስተካክላ ቆለፈችለት፤ ዓይኗ ግን አሁንም መካኒኩ ላይ ነው።

"በል ልሂድ ወንድምዓለም፣ ቀሚሶቹ ይጠብቁኛል። እኚያን ሰው ካገኘሃቸው አደራ፣ ሰላም በልልኝ። እግዜር ክንዳቸውን ይማርላቸው… አይቸኩልም፣ ቀስ ብሎ፣ ተደላድሎ ይማርላቸው። እስከዚያ እህታቸው ሐኪም ቤት ታመላልሳቸዋለች። እሳቸው ከኋላ ደገፍ ይበሉ፤ መስኮቱን ትከፍትላቸዋለች… ብቻ እዚያም ሆነው አምላክ የመንገዱን ስሜት አያሳጣቸው።"